ከቧንቧው ውጪ ያለው ጉድጓድ

በተበከለ መሬት ላይ የክትትል ጉድጓዶችን በደህና ስለ መዝጋት የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ አብዛኛው ሰው የሥራው ጭራ አድርጎ ስለሚያየው ነገር ነው። መሬቱ ተበክሎ ነበር። ተጠና፤ ታከመ፤ ሪፖርቱም ገባ። የቀሩት የከርሰ ምድሩን ውሃ ናሙና ለመውሰድ እዚህም እዚያም የተተከሉት የክትትል ጉድጓዶች ናቸው። በጀቱ ተሟጧል። ሰዉም ደክሞታል። በዚህ ሰዓት ነው አንዱ ብድግ ብሎ «በቃ፣ ሲሚንቶ ሙሉባቸውና እንገላገል» የሚለው።

ይህን በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። የክትትል ጉድጓድ ብክለቱ ያለበትን ቦታ ፈልገንና ለክተን የወጋነው ቀዳዳ ነው። ከመሬት ላይ ተነስቶ፣ ብክለቱን አቋርጦ፣ እስከ ውሃው ይወርዳል። ሲያገለግል የሚጠቅመን በዚህ ምክንያት ነው። ተረስቶ ሲቀር የሚጎዳንም በዚሁ ምክንያት ነው። በደንብ ያልተዘጋ ጉድጓድ ለብክለቱ አቋራጭ መንገድ ሆኖ ይቀራል።

ቧንቧውን መሙላት ቀላል ነው። ከባዱም ዋናውም ከቧንቧው ውጪ ያለው ነው። ዛሬ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ነው።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል። አንድ የተለመደ የክትትል ጉድጓድ እንውሰድ። የቁፋሮ ማሽኑ፣ ሪግ የምንለው፣ በመጀመሪያ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፍራል። ከዚያ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ ይወርዳል። ኬሲንግ የምንለው እሱን ነው። የቧንቧው የታችኛው ክፍል ስክሪን ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፉ ስንጥቆች አሉት። ውሃ የሚገባው በነሱ ነው። ቧንቧዎቹ የሚያያዙት በጥርስ ብቻ ነው። ማጣበቂያ አይቀባም፤ ማጣበቂያው ራሱ ኬሚካል ስለሆነ ናሙናውን ያበላሻል። በስክሪኑ ዙሪያ የታጠበ አሸዋ ይሞላል። ከአሸዋው በላይ ቤንቶናይት ይደረጋል፤ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ሸክላ ነው። ከዚያ እስከ ላይ ድረስ በግራውት፣ ማለትም በሲሚንቶና በቤንቶናይት ብጥብጥ ይደፈናል። ላዩ ላይ የብረት ክዳንና ቁልፍ ይደረጋል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በቧንቧው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ በአንድ ሜትር 2 ሊትር ገደማ ይይዛል። በቧንቧውና በተቆፈረው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ግን በአንድ ሜትር 28 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የቧንቧው ባዶ ቦታ ከመቶ 7 እጅ ብቻ ነው ማለት ነው።

ቧንቧውን በሲሚንቶ ሞልቶ «ዘጋሁ» የሚል ሰው የዘጋው ያንን 7 እጅ ነው። ለቀረው ዋስ የሚሆነው ከስንት ዓመት በፊት ጉድጓዱን የሠራው ቆፋሪ ነው። ቆፋሪው ጎበዝና ሐቀኛ ከነበረ ተመስገን ነው። ግራውቱን ከላይ በባልዲ ደፍቶት ከሆነ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ከሥሩ ባዶ ክፍተት ይኖራል። ይህ በዓይን አይታይም። ክዳኑ ያምራል፣ ቁልፉ ይሠራል፣ ውሃው ግን በቧንቧው ጎን ቁልቁል ይወርዳል።

ይህ ያን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? ከመሬት በታች ያለው ብዙ ጊዜ የተነባበረ ነው። ላይ አሸዋ፣ ከሥሩ ሸክላ፣ ከሸክላው ሥር ደግሞ ሌላ ውሃ ያዘለ አሸዋ ወይም ጠጠር። ሸክላው ለታችኛው ውሃ ጋሻ ነው። ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ከአሸዋው ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ብክለቱ ብዙ ጊዜ ከሸክላው በላይ ታግዶ ይቆያል። ሸክላውን የሚበሳ አንድ ያልታሸገ ቀዳዳ ካለ ግን ያ የተፈጥሮ ጥበቃ ከንቱ ነው። በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ቢወርድ በቀን 1,440 ሊትር ይሆናል። በዓመት ከ500 ሜትር ኩብ በላይ፣ ማንም ሳያየው።

የኬሚካሉ ጠባይም መታወቅ አለበት። ቤንዚንና ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ። ፋብሪካ ውስጥ ቅባት ለማስለቀቅ የሚውሉት እነ ትራይክሎሮኤቲሊን ደግሞ ከውሃ ይከብዳሉ። 1 ሊትር ትራይክሎሮኤቲሊን 1.46 ኪሎ ይመዝናል። ይሰምጣል። መውረጃ ካገኘ አይመለስም። የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ደንብ የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 5 ማይክሮ ግራም ነው። አስሉት፦ 1 ሊትሩ ሟሙቶ ቢሰራጭ 290 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃን እዚያ ጣሪያ ላይ ያደርሳል። እዚህ ሥራ ላይ ጠብታ አይናቅም።

በካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ውስጥ የሆነውን ላንሳ። የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ፋብሪካዎች የተጠቀሙባቸው የማጽጃ ኬሚካሎች ከርሰ ምድሩን በከሉት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1989 የጽዳት ውሳኔውን ሲሰጥ ውሃውን ስቦ በማከም ብቻ አልተወሰነም። ወደ ጥልቁ ውሃ መውረጃ ሊሆኑ የሚችሉ ቀዳዳዎችን ማሸግንም የውሳኔው አካል አደረገው። አካባቢው ከፋብሪካዎቹ በፊት የእርሻ መሬት ነበር። የድሮ የእርሻ ጉድጓዶች ነበሩበት። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው። ቀዳዳ ማሸግ ጽዳቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነገር ሳይሆን ራሱ ጽዳት ነው።

ሳይቸኩሉ መጀመር

መቼ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ ከእንዴት ይቀድማል። ውሃ እየሳቡ የማከም ሥራ ሲቆም የብክለቱ መጠን ተመልሶ ከፍ ሊል ይችላል። ሸክላው ውስጥና ጥቃቅኑ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ የቆየው ኬሚካል ቀስ ብሎ ይወጣል። ፓምፑ በቆመ ማግስት የተወሰደ ንጹህ ናሙና ብዙም አያስደስተኝም። ዝናቡም በጋውም አልፎ፣ የውሃው ከፍታ ወጥቶና ወርዶ፣ ውጤቱ በዚያው ከጸና ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ጉድጓዱ ከጠፋ በኋላ «ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። አዲስ መቆፈር ነው፣ አዲስ ወጪ ነው፣ የድሮው የመረጃ ሰንሰለትም ተበጥሷል።

በሌላ በኩል ደግሞ «ለማንኛውም ይቆይ» እየተባለ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ናሙና የማይወሰድበት፣ ኃላፊ የሌለው፣ ክዳኑ የተሰበረ ጉድጓድ መረጃ አይሰጥም፤ አደጋ ብቻ ይሰጣል። የጎርፍ ውሃ ይገባበታል። መኪና ይገጨዋል። የተቃጠለ ዘይት መድፊያ የሚያደርገውም አይጠፋም። የማንጠቀምበትንና የማንጠብቀውን መዝጋት አለብን። ውሳኔው ግን የጣቢያው ባለቤት ብቻውን የሚወስነው አይደለም። የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው።

ጉድጓዱን ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አስፋልት የፈሰሰበት፣ አፈር የተደለደለበት፣ ሣር የበቀለበት አለ። የብረት ክዳን ካለው በብረት መፈለጊያ ይገኛል። ካርታውንና የድሮ ፎቶውን እያስተያዩ መፈለግ ያስፈልጋል። በካርታው ላይ 12 ጉድጓድ ተጽፎ መሬት ላይ 11 ከተገኘ ሥራው አላለቀም። «ያ ቀድሞ ተዘግቶ ይሆናል» የሚለውን ግምት አልቀበልም። የተዘጋበት ወረቀት ይምጣ።

ክዳኑን ሲከፍቱ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ክዳኑን የምትከፍቱት ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ነው። ጭስ የለም፣ እሳት የለም። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ጋዝ ታምቆ ሊሆን ይችላል፤ መክደኛው ሲላቀቅ እፍ ብሎ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ፊታችሁን ከላዩ አታድርጉ። አሽትቶ መለየት የሚባል ነገር የለም። ለዚያ የጋዝ መለኪያ አለ፦ አንደኛው የኬሚካሉን ትነት ይለካል፣ ሌላው የሚፈነዳ ጋዝ መኖሩን ያሳያል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አሜሪካ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ቦታ አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ ሕግ ያስገድዳል። እንዲህ ዓይነት ሕግ የሌለበት ቦታ የሚሠራ ሰውም ሳንባው ያው ሳንባ ነው።

ቀጥሎ ሜትሩን ማውረድ ነው። የውሃውን ከፍታ ለኩ። ዘይት ይንሳፈፍ እንደሆነ፣ ከሥር ከባድ ፈሳሽ ተኝቶ እንደሆነ የሚለይ መለኪያ አለ፤ በሱ እዩ። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ካለ ግራውት ማሰብ ገና ነው፣ መጀመሪያ መውጣት አለበት። ከዚያ ክብደት ያለው ሜትር እስከ ወለሉ ይውረድና ጥልቀቱ ከሎጉ፣ ማለትም ጉድጓዱ ሲቆፈር ከተያዘው መዝገብ ጋር ይመሳከር። ሎጉ 20 ሜትር ይላል፤ ሜትሩ 16 ላይ ቆመ እንበል። 4 ሜትር የት ገባ? ደለል ሞልቶት ይሆናል። ቧንቧው ተሰብሮ አፈር ገብቶ ይሆናል። ገመዱ የተበጠሰ ቤይለር፣ ማለትም የናሙና መቅጃ፣ ወይም ፓምፕ ተቀርቅሮ ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ መጠርጠር ግዴታ ነው። በቀጭን ካሜራ ማየት ይቻላል። የተቀረቀረ ካለ ይወጣል፣ ደለል ካለ ይታጠባል። ምክንያቱም ከ16 ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ሞልታችሁ ከሄዳችሁ የታችኛው 4 ሜትር፣ ስክሪኑ ያለበት ማለት ነው፣ ክፍት ሆኖ ቀረ።

በየትኛው መንገድ?

መንገዶቹ አራት ናቸው። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ሲፒ-43 የተባለ መመሪያም በነዚሁ ላይ ያተኩራል። ቧንቧውን ባለበት መሙላት አለ። ቧንቧውን በስቶ መሙላት አለ። ቧንቧውን ነቅሎ መሙላት አለ። ቧንቧውን ከነዙሪያው ቆፍሮ አውጥቶ መሙላት አለ። ኤኤስቲኤም የተባለው የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው፣ በሰፊው የሚጠቀሰው ዲ 5299 የተባለው መመሪያም ይህንኑ ሥራ የሚመለከት ነው።

ባለበት መሙላትን አልንቅም። ሎጉ በእጃችን ካለ፣ የውጪው ማሸጊያ እንዴት እንደተሠራ በደንብ ከተጻፈ፣ ጉድጓዱም ሸክላውን ካልበሳ ይህ መንገድ ይበቃል። እንዲያውም ይመረጣል። ደህና የነበረን ማሸጊያ ነቅሎ ማናጋት ምን ይጠቅማል?

በስቶ መሙላት የሚባለው ቧንቧውን በመሣሪያ ከውስጥ ወደ ውጪ መብሳትና ግራውቱን በግፊት ወደ ውጪ መግፋት ነው። ለጥልቅና ለብረት ኬሲንግ ይረዳል። እኔ ግን ሙሉ እምነት አልጥልበትም። ግራውቱ የሄደበትን አናይም። በተለይ በስክሪኑ ዙሪያ ያለው አሸዋ ውስጥ የሲሚንቶ ብጥብጥ ብዙም ዘልቆ አይገባም።

መንቀል ለአጭርና ለቀጭን ቧንቧ ይሆናል። ፒቪሲ በመጋጠሚያው ላይ ይበጠሳል፤ ግማሹ መጥቶ ግማሹ ይቀራል። ልቅ አሸዋ ላይ ደግሞ ቧንቧው እንደወጣ ጉድጓዱ ይደረመሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቧንቧው በግራውት ይሞላል፤ እየተሳበ ሲወጣ ግራውቱ እየወረደ ቦታውን ይይዛል። ነቅሎ ጨርሶ ከዚያ ግራውት መበጥበጥ የለም።

አራተኛው ነው ሙሉ ልቤ ያለበት። ሎግ የሌለው ጉድጓድ፣ ማሸጊያው የሚያጠራጥር ጉድጓድ፣ ሁለት ውሃ ያዘሉ ንብርብሮችን የሚያገናኝ ጉድጓድ በላዩ ላይ እንደገና ይቆፈራል። ሪጉ በቧንቧው አናት ላይ በልክ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቁፋሮ 200 ሚሊ ሜትር ከነበረ አሁን 250 ይሆናል። ቧንቧው፣ አሸዋው፣ የድሮው ግራውት፣ ሁሉም ይወጣል። ቁፋሮው ከድሮው ወለል ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በዓይናችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። መሰርሰሪያው ከመስመር ሊወጣ ይችላል። የድሮው ጉድጓድ ትንሽ ዘሞ ከሆነ መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ከቧንቧው ይለያያል። ሪጉ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ሞተሩ ያው ይጮኻል፣ ብረቱ ያው ይወርዳል። የሚነግራችሁ የሚወጣው ፍርስራሽ ነው። የፒቪሲ ስባሪ እየወጣ ነው? ግራጫ የግራውት ቁርጥራጭ አለ? ታች ስትደርሱ የታጠበው አሸዋ መጣ? እነዚህ ከቀሩና የተፈጥሮው አፈር ብቻ መውጣት ከጀመረ ጉድጓዱን ለቃችሁ ከጎኑ አዲስ ጉድጓድ እየቆፈራችሁ ነው። አሁን ያልታሸጉ ቀዳዳዎች ሁለት ሆኑ። ስለዚህ አንድ ሰው ሥራው ይህ ብቻ ይሁን፤ ፍርስራሹን ያይ፣ በየሜትሩ ይጻፍ፣ ካጠራጠረው ያስቁም። ቆፋሪው ቢቆጣም ያስቁም።

ይህ መንገድ የማይሆንበት ቦታም አለ። ከባዱ ኬሚካል በሸክላው አናት ላይ ተጠራቅሞ ከተኛ፣ ሰፋ ያለ መሰርሰሪያ ይዞ በመሃሉ ማለፍ ራሱ ብክለቱን ወደ ታች ማውረድ ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ሰፊ የብረት ኬሲንግ እስከ ሸክላው ድረስ ይወርድና ዙሪያው ይታሸጋል፤ ቁፋሮው የሚቀጥለው በሱ ውስጥ ነው። ወይም ሌላ መንገድ ይታሰባል። እዚህ ላይ ልምድ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ሳይፈርም ሪጉ መንቀሳቀስ የለበትም።

ከታች ወደ ላይ

ግራውት የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው። ቀጭን ቧንቧ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ትሬሚ ይሉታል። ግራውቱ በሱ ይገፋል። ቀስ እያለ ቧንቧው ከፍ ይላል፤ ጫፉ ግን ሁልጊዜ ከግራውቱ ውስጥ እንደተነከረ ነው። ከወጣ ውሃ ይቀላቀላል፣ ክፍተት ይፈጠራል። ግራውቱ ከታች ሲነሳ የጉድጓዱን ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የቀጠነ ድብልቅ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጉድጓዱ የገባው ያው ወፍራሙ ግራውት ብቅ ይላል። እሱ እስኪወጣ ማቆም የለም።

ብጥብጡ በዓይን ግምት አይሠራም። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ23 እስከ 26 ሊትር ውሃ ነው። ከዚህ ሲቀጥን ይሰነጠቃል፣ ይሟሽሻል። በትክክል የተበጠበጠ ሲሚንቶ በሊትር 1.8 ኪሎ ገደማና ትንሽ ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሚዛን ይዞ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መሸብሸቡን ለመቀነስ ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ቤንቶናይት ይጨመራል፤ ያኔ የውሃው መጠን ከፍ ይላል፣ የሚጠበቀው ክብደትም ይወርዳል። ቤንቶናይቱ መጀመሪያ በውሃው ብቻ ይበጥበጥ፣ ሲሚንቶው በኋላ ይግባ። ሲሚንቶ ከቀደመ ቤንቶናይቱ እንደሚገባው አያብጥም።

ከሁሉ በላይ የምወደው መቆጣጠሪያ ሒሳብ ነው። 20 ሜትር የሚጠልቀውን ጉድጓዳችንን እናስታውስ። ቧንቧውን ባለበት ብንሞላው 43 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶና ትንሽ ጭማሪ። በ250 ሚሊ ሜትር እንደገና ከተቆፈረ ደግሞ 980 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ወደ 25 ከረጢት። አሁን 15 ከረጢት ገብቶ ጉድጓዱ «ሞላ» ቢባል ምን ማለት ነው? ወይ ግድግዳው ተደርምሷል፣ ወይ መሃል ላይ ክፍተት አለ። 40 ከረጢት ቢገባስ? ግራውቱ ወደ ስንጥቅ ወይም ወደ ጠጠር እየጠፋ ነው። በሁለቱም በኩል ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ከሥራው በፊት በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ከሥራው በኋላ የሚሰላ ቁጥር ማንንም አያስቆምም።

በግራውት ፋንታ ደረቅ የቤንቶናይት ጠጠር መጠቀምም ይቻላል፤ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ አጨማመሩ ነው። ከረጢቱን አንስቶ ቢገለብጡት ጠጠሩ ጠባብ በር ላይ እንደተጋፋ ሕዝብ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፣ አቧራው ይነፋል፣ በየመሃሉ በሜትር ይለካል። ከውሃው ከፍታ በላይ ያለው ክፍል ደግሞ ውሃ ይጠጣ፤ ካልራሰ አያብጥም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በአሜሪካ በነብራስካ የተደረገ ጥናት ማሸጊያው መሬት ውስጥ ምን እንደሚሆን በዓይን ለማየት ብርሃን የሚያሳልፍ የፒቪሲ ቧንቧ ተጠቀመ። በቧንቧው ውስጥ ካሜራ እያወረዱ ውጪውን አዩት። ቀጭን የቤንቶናይት ብጥብጥ ከውሃው ከፍታ በላይ ባለው ደረቅ ክፍል ውስጥ እየደረቀ ሲሰነጠቅ ታየ። የቤንቶናይት ጠጠርና በሲሚንቶ የተሠሩት ግን የተሻለ ጸንተው ቆዩ። ለዓመታት «ቤንቶናይት ነው፣ አይሰነጠቅም» ይባል ለነበረው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥም ቤንቶናይት እንደሚገባው አያብጥም። ያልተሟሟ የማጽጃ ኬሚካል በቀጥታ የሚነካውም ሊሸበሸብ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሲሚንቶ ይቀድማል።

ግራውት ከተሞላ በኋላ ይሰርጋል። ስለዚህ በማግስቱ ተመልሶ ማየትና የጎደለውን መሙላት የሥራው ክፍል ነው። ሪጉን በዚያው ቀን ጭኖ የሚሄድ ቡድን ግማሽ ሥራ ሠርቶ ነው የሄደው። ከረጋ በኋላ የቧንቧው አናት ከመሬት በታች ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ ላዩ በንጹህ አፈር ይሞላል። በኋላ የሚያርስ፣ የሚቆፍር፣ መሠረት የሚጥል እንዳይመታው ነው።

የወጣው የት ይሄዳል? ግራውቱ ገፍቶ ያወጣው ውሃ የተበከለ ውሃ ነው። ቁፋሮው ያወጣው አፈርና የቧንቧ ስባሪም ያው ነው። በርሜል ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፤ በላዩም የመጣበት ጉድጓድ ቁጥርና ቀን ይጻፍ። ተመርምሮ እንደ ውጤቱ ይወገዳል። ጎን ላይ ደፍቶ መሄድ ያን ሁሉ የጽዳት ዓመት መካድ ነው። የሥራ ቅደም ተከተሉም ከንጹሁ ጉድጓድ ጀምሮ ወደ ቆሻሻው ይሁን። በየመሃሉ መሰርሰሪያውና ትሬሚው ይታጠቡ።

ከአድማጮች የተነሱ ጥያቄዎች

«ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር መልሰን ብንሞላበትስ?» አይሆንም። የተበከለ ሊሆን ይችላል፤ ንጹህ ቢሆን እንኳ ተፈጥሮ እንዳስቀመጠው ጥቅጥቅ ብሎ አይመለስም። ውሃ ያሳልፋል።

«ጥሩ ውሃ ካለው ለአትክልት ማጠጫ ብንተወውስ?» ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ሰዎች ቅን ናቸው፤ ውሃ ሲባክን ማየት ያማል። ግን የክትትል ጉድጓድ ለናሙና የተሠራ ነው። ቀጭን ነው፣ ብዙ ውሃ አይሰጥም። ዋናው ደግሞ ፓምፕ ስታስገቡበት በዙሪያው የቀረውን ብክለት ወደ ራሳችሁ ትስባላችሁ። እኔ አልፈቅድም።

«ውሃው ራሱ ገንፍሎ የሚወጣበት ጉድጓድስ?» እሱ ለብቻው ነው። ግፊቱን የሚያሸንፍ ክብደት ያለው ግራውት፣ ካልሆነም ጉድጓዱ ውስጥ ተነፍቶ የሚዘጋ መሣሪያ ያስፈልጋል። ግፊቱ ሳይለካ ግራውት ቢፈስስበት ውሃው ግራውቱን አጥቦ ያወጣዋል።

«ወጪውን እንዴት እንቀንስ?» ሁሉንም ጉድጓድ እንደገና መቆፈር አያስፈልግም። ሎጎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ሸክላውን የሚበሱትንና የማይበሱትን ለዩ። ገንዘቡን በሚበሱት ላይ አውሉት። ጥሩ ሎግ የነበረው ሰው እዚህ ላይ ብዙ ይቆጥባል። ሎግ ያልያዘ ሰው ያላወቀውን ሁሉ በመሰርሰሪያ ይከፍላል።

«ምን ምን ይመዝገብ?» የጉድጓዱ ቁጥር፣ በጂፒኤስ የተለካ ቦታው፣ የመጀመሪያው ሎግ፣ በዕለቱ የተለካው ጥልቀትና የውሃ ከፍታ፣ የተመረጠው መንገድና ምክንያቱ፣ የታሰበውና የገባው ግራውት በሊትር፣ የብጥብጡ ልክና ክብደቱ፣ በማግስቱ የተጨመረው፣ የተቆረጠበት ጥልቀት፣ በርሜሎቹ የሄዱበት። ፎቶም ይያያዝ። ቦታውን መለካት ክዳኑ ሳይነሳ በፊት ነው፤ ከተሸፈነ በኋላ ግምት ነው የሚሆነው።

«ከዘጋን በኋላ ጎረቤት ያሉትን ጉድጓዶች ምን እንይባቸው?» ሁለት ነገር። አንደኛው ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይንነት መለኪያ ነው። ትኩስ ሲሚንቶ ውሃን ወደ 12 እና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። በቅርብ ያለ ጉድጓድ ፒኤቹ ከ10 ካለፈ ግራውት ወደሱ ተጉዟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ጊዜ የብረታ ብረት ውጤቱን አትመኑት፣ ፒኤቹ እስኪመለስ ጠብቁ። ሁለተኛው የውሃ ከፍታ ነው። ሁለት ንብርብር ያገናኝ የነበረ ጉድጓድ በደንብ ከታሸገ በላይኛውና በታችኛው ውሃ መካከል የነበረው የከፍታ ልዩነት ሊሰፋ ይችላል። ከመዝጋታችሁ በፊት የለካችሁትን ከኋላው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ እንደነበረ ከቀረ ግን አንድ ያላገኛችሁት ቀዳዳ ሊኖር ስለሚችል ወደ ድሮው ካርታ ተመለሱ።